እንደራሴ፣ እንደ ማን?

«እንደራሴ» የምንላት ቃል «እንደ» እና «ራሴ» ተጣብቀው የወለዷት መሆኗን ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም፣ እንደ እኔ ተናግሮ እንደ እኔ የሚወስን ማለት ነው። ቃሏ ጥንት የሕዝብ አልነበረችም፤ የቤተ መንግሥት ነበረች። ንጉሥ በአካል ሊገኝ በማይችልበት ቦታ የሚያቆመው ሰው እንደራሴ ይባላል። ተፈሪ መኮንን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተብለው አገር ሲያስተዳድሩ ቆይተዋል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲታወጅም በምክር ቤት የሚቀመጡትን ሰዎች የመረጣቸው ሕዝቡ አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ተደረገ። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ከላይ ወደ ታች ስትወርድ የኖረችው ቃል ያን ጊዜ ፊቷን አዙራ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረች፤ የንጉሥ እንደራሴ የነበረው የሕዝብ እንደራሴ ተባለ።

ፊቷን ስታዞር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዛ ነው። የንጉሥ እንደራሴ ጌታው አንድ ነው። የጌታውን ፈቃድ ማወቅ ቢሻ መልእክተኛ ልኮ ይጠይቃል። የሕዝብ እንደራሴስ ማንን ይጠይቅ? «ራሴ» የሚለው ማን ነው? የመረጠው ሰፈር ነው? አገሩ በሞላ ነው? ወይስ ሰውየው ራሱ ነው? በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ለዚህ መልስ የሚመስል ነገር አስቀምጧል። የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት ሊያነሣው እንደሚችል ተጽፏል። ሕዝብ «ሂድ»፣ ኅሊና «ተው» ያሉት ዕለት ማን እንደሚቀድም ግን አይናገርም። መውቀሴ አይደለም፤ የትኛውም ሕገ መንግሥት ይህን አስቀድሞ ሊናገር የሚችል አይመስለኝም።

ኤድመንድ በርክ የተባለው አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1774 የብሪስቶልን መራጮች ፊት ለፊት ቆሞ፣ እንደራሴያችሁ የምሰጣችሁ ትጋቴን ብቻ ሳይሆን የራሴን ፍርድም ነው፤ ፍርዴን ለእናንተ ስሜት ብሠዋ ከዳኋችሁ እንጂ አላገለገልኳችሁም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረገ። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ንግግር ይጠቅሳል። በ1780 ብሪስቶል ላይ እንደማይሆንለት አይቶ ከውድድሩ መውጣቱን የሚጠቅሰው ግን ጥቂት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ጥያቄውን ከንግግር ይልቅ በአንድ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ማየት እመርጣለሁ። ለዚህ የሚሆነኝን ሰው ያገኘሁት በአሜሪካ መካከል፣ በቆሎና ከብት በሞላባት በኔብራስካ ግዛት ነው። ስለ አሜሪካ ስናወራ ዓይናችን ከዋሽንግተን አይነቀልም። ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን የሚልኩበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚተዳደር፣ የፖሊሱ ሥልጣን የት ድረስ እንደሆነ፣ ነፍሰ ገዳይ በምን እንደሚቀጣ በአብዛኛው የሚወስኑት ግን የየግዛቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ከሃምሳዎቹ ግዛቶች አርባ ዘጠኙ ሁለት ሁለት ምክር ቤት አላቸው። ኔብራስካ አንድ ብቻ አላት። ጆርጅ ኖሪስ የሚባል ሴናተር ቀስቅሶ፣ በ1934 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት፣ ከ1937 ጀምሮ በአንድ ምክር ቤት ትሠራለች። ዛሬ 49 አባላት አሉት፤ ሴናተር ይባላሉ። በምርጫ ወረቀቱ ላይ ከስማቸው አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም። የሚቀርበው ረቂቅ ሕግ ሁሉ ሕዝብ መጥቶ አስተያየቱን በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ መሰማት አለበት። ሁለተኛው ምክር ቤታችን ሕዝቡ ነው ይላሉ። ደመወዛቸው ከ1988 ጀምሮ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ነው፤ በዚያ አገር ኑሮ ይህ ለቤት ኪራይም አይበቃም። ታዲያ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እንደራሴው «ፓርቲዬ ነው ያዘዘኝ» ለማለት ይቸግረዋል፤ የሰጠው ድምፅ የራሱ ነው።

ሰውየው ኧርኒ ቻምበርስ ይባላል። በ1937 በኦማሃ ከተማ ተወለደ። ሕግ ተምሮ በ1979 ቢመረቅም የጠበቆች ማኅበር ውስጥ አልገባም፤ ሙያው ፀጉር አስተካካይነት ነበር። በ1966 የወጣ «ኤ ታይም ፎር በርኒንግ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ላይ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ የመጣን አንድ ነጭ ፓስተር ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘረኝነት ሲሞግተው ይታያል። በ1970 ተመርጦ በ1971 ምክር ቤት ገባ፤ በጠቅላላው 46 ዓመት ተቀመጠ። በግዛቲቱ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የለም። የወከለው ሰሜን ኦማሃን፣ የጥቁሮችን ሰፈር ነው። ለረጅም ዘመን በምክር ቤቱ ያለው ጥቁር እርሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ በሙሉ ልብስና በከረቫት ሲቀመጡ እርሱ በጂንስና እጅጌው ባጠረ ሹራብ ይገባ ነበር። ደንቡን ከሁሉም አብልጦ ያውቅ ስለነበር፣ ያልወደደውን ረቂቅ በንግግርና በማሻሻያ ሐሳብ እያራዘመ የማፈን ችሎታው ባልደረቦቹን ያስፈራቸው ነበር።

የሰፈሩን ጉዳይ እንዴት እንደያዘ ለማየት አንዱን ልጥቀስ። ቀድሞ የኦማሃ ከተማ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት ከተማው በሙሉ በአንድነት ድምፅ እየሰጠ ነበር። እንዲህ ሲሆን በአንድ ሰፈር የተሰበሰበ አናሳ ሕዝብ የፈለገውን ያህል ቢተባበር ድምፁ በብዙኃኑ ድምፅ ውስጥ ይሰጥማል። ቻምበርስ ታግሎ ምርጫው በየክልሉ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ አስወጣ። በ1981 በተካሄደው ምርጫ አንድ ጥቁር ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። ልብ በሉ፤ እንደራሴው ለሰፈሩ ያመጣለት ትልቁ ነገር ሌላ እንደራሴ ነው። የሰፈሩ ሰው ብቻ ግን አልነበረም። በ1980 ኔብራስካ የግዛቱ ገንዘብ ከደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲወጣ ምክር ቤቷ ድምፁን ያሰማባት የመጀመሪያዋ ግዛት እንድትሆን ያደረገው እርሱ ነው። በቆሎ አምራቹ የኔብራስካ ገበሬ ስለ ጆሃንስበርግ አስብልኝ ብሎ የላከው አይመስለኝም።

ለእኛ አንባቢ ጆሮ የሚከብድ ነገርም አለው። ቻምበርስ እምነት የለሽ ነው። የምክር ቤቱን ስብሰባ በጸሎት የሚከፍት፣ በስብሰባው ወራት በየወሩ 319 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበር። ይህ ተገቢ አይደለም ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ተረታ። በ2007 ደግሞ እግዚአብሔርን ከሰሰ! ጎርፉንና አውሎ ነፋሱን ዘርዝሮ ይታገድልኝ አለ። ቀልድ ይምሰል እንጂ ዓላማው የፍርድ ቤት በር ለማንም ሰው፣ በማንም ላይ ክፍት መሆን እንዳለበት ማሳየት ነበር። ዳኛው በተከታዩ ዓመት፣ ተከሳሹ መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ የለውም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ቻምበርስም ሁሉን የሚያውቅ ተከሳሽ መከሰሱን ሳያውቅ አይቀርም ብሎ ተከራከረ። የሰሜን ኦማሃ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው፤ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት የሰፈሩ ምሰሶ ናቸው። ይህ ሕዝብ ነው እግዚአብሔርን የከሰሰውን ሰው ደጋግሞ የመረጠው። እንግዲህ «እንደራሴ» ማለት መራጩን የሚመስል ማለት ቢሆን ኖሮ ቻምበርስ አንድ ቀንም ባልተቀመጠ ነበር። ሰዎቹ የፈለጉት መልካቸውን የሚያሳያቸው መስተዋት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ምናልባት የፈለጉት የማይፈራላቸው ሰው ነው።

የማይፈራው ሰው ግን በሌላው ግዛት ዓይን መራራ ነበር። በ2000 የኔብራስካ መራጮች ማንም ሴናተር ከሁለት ተከታታይ የአራት ዓመት ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ድንጋጌ አጸደቁ። ብዙዎች ድንጋጌው ቻምበርስን ለማውጣት ያለመ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እርሱም በጥር 2009 ወጣ። አንድ ሰው ለዘላለም ወንበር ላይ እንዳይጣበቅ መገደቡን እኔም በመርኅ ደረጃ አልቃወምም፤ በወንበር መጣበቅ ምን እንደሚያመጣ እኛ አገር ማንም ሊያስረዳን አያስፈልገውም። ነገር ግን የሰሜን ኦማሃ ሰው «ይበቃናል» ሳይል፣ ቻምበርስን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የምዕራብ ኔብራስካ ገበሬ «ይበቃችኋል» ሲለው ይህ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? የእኔን እንደራሴ የማነሣው እኔ ነኝ ወይስ ጎረቤቴ? የሰፈሩ ሰዎች መልሳቸውን በ2012 ሰጡ፤ ሕጉ የሚጠይቀው የአራት ዓመት ዕረፍት እንዳለቀ መልሰው መረጡት።

ሰውየውን የማነሣው ግን ለማወደስ ስላልሆነ፣ ከእርሱ ጋር የማልስማማበትንም ልናገር። በ2005 የኦማሃ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር በከተማው ዳር ያሉትን፣ ነጮችና ባለጸጎች የሚበዙባቸውን ትምህርት ቤቶች ልጠቅልል ብሎ ተነሣ። ዳር ያሉት ጮኹ፤ ነገሩ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት መጣ። በ2006 ምክር ቤቱ ሕግ ሲያወጣ ቻምበርስ ያቀረበው ማሻሻያ ገባበት። ይዘቱ የኦማሃ ትምህርት ቤቶች ሦስት ቦታ እንዲከፈሉ የሚል ነው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች የሚበዙበት። አገር ጉድ አለ። ዘር እንዳይለያይ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረ ሰው ልጆችን በዘር ሊከፍል? ለጥቁሮች መብት የሚቆመው ታዋቂው ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ራሱ ክስ መሠረተ። የቻምበርስ መልስ ግን ቀላል አልነበረም። ትምህርት ቤቶቹ እኮ ቀድሞውኑ የተለያዩ ናቸው፤ እኔ አልለየኋቸውም፤ የጥቁር ልጆች የሚማሩበትን ቤት ቢያንስ ወላጆቻቸው ያስተዳድሩት አለ።

መልሱን ሳነበው ልቤ ወደ እርሱ ማዘንበሉን አልደብቅም። ሌላው የሚያስተዳድረው፣ ልጅህ ወድቆ የሚወጣበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመህ ስለ አንድነት ስብከት መስማት ያንገሸግሻል። ሆኖም በራሱ የበቀለ አጥር ሌላ፣ ሕግ ያጸናው አጥር ሌላ ነው። በራሱ የበቀለውን ነገ የሚደፍረው ይመጣል፤ ሕግ ያጸናውን የሚጠብቅ ዘበኛ ይቀጠርለታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። «ማኅበረሰቤ» ሲል የትኛውን ማኅበረሰብ ነበር? ከጥቁሮቹ መካከል ሐሳቡን የደገፈ ነበር፤ ፍርድ ቤት የሄደም ነበር። ሰፈር አንድ አፍ የለውም። እንደራሴው «ሰፈሬ እንዲህ ይላል» ባለ ቁጥር ከሰፈሩ ሰው አንዱን እያናገረ ሌላውን ዝም እያሰኘ ነው፤ ዝም ያሰኘውን ማወቅ አለበት። ክፍፍሉ ሥራ ላይ ሳይውል በ2007 ምክር ቤቱ ሻረው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ የሰው ነፍስ ያለበት ነውና።

ቻምበርስ ከ1976 ጀምሮ የሞት ቅጣት እንዲቀር የሚጠይቅ ረቂቅ በየስብሰባው ዘመን ያቀርብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1979 ምክር ቤቱ አሳለፈለት፤ የግዛቲቱ ገዥ ሻረው። በ1990ዎቹ ሦስት ሰዎች በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደሉ። በ2008 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወንበሩን ጨካኝ ነው ብሎ ከለከለ፤ መርፌ ተተካ። ቻምበርስ አቤት ማለቱን አላቆመም። በግንቦት 2015 ያልተጠበቀው ሆነ። ብዙዎቹ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካኖች በሆኑበት ምክር ቤት ረቂቁ 32 ለ15 አለፈ። ሁሉም በአንድ ምክንያት አይደለም የደገፉት። አንዳንዱ ፅንስ ማስወረድን የምቃወም ሰው በሌላ በኩል መግደልን እንዴት እደግፋለሁ አለ። አንዳንዱ ገንዘብ ጨርሶ የማይሠራ መሥሪያ ቤት ቢኖር ይሄ ነው አለ። ገዥው ፒት ሪኬትስ ሻረው። ሽረቱን ለመሻር 30 ድምፅ ያስፈልጋል። ግንቦት 27 ቀን ተቆጠረ፤ 30 ለ19። አንድም ትርፍ ድምፅ አልነበረም። ያን ዕለት ከቻምበርስ ጋር ከቆሙት መካከል፣ ከሁለት ወር በፊት ፖሊሶችን ከአሸባሪው የአይሲስ ቡድን ጋር በማመሳሰሉ ተቆጥተው የነበሩ ይገኙበታል። ሰውየውን አልወደዱትም፤ ክርክሩን ግን ሰምተውታል።

የሆነው ግን በዚህ አላበቃም። ከ160 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ገዥው ከኪሱ ጭምር ገንዘብ አወጣበት። በኅዳር 2016 ሕዝቡ ራሱ ወሰነ፤ 61 በመቶ ያህሉ የሞት ቅጣት ይመለስ አለ። በዚያው ዓመት ምርጫ ከሠላሳዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ወንበራቸውን አጡ። በነሐሴ 2018 በግዛቲቱ ከ1997 ወዲህ የመጀመሪያው ሰው ተገደለ፤ በ1979 ሁለት የታክሲ ሹፌሮችን የገደለ፣ ከ1980 ጀምሮ ሞቱን ሲጠብቅ የኖረ፣ በመጨረሻም መከራከሩን ራሱ የተወ ሰው ነበር።

ታዲያ ሠላሳዎቹ ሴናተሮች እንደራሴ ነበሩ ወይስ ከዳተኞች? ይህን ታሪክ ለአንድ የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር አጫወትኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ።

«ስማ ልጄ፤ ጨው ግዛልኝ ብዬ ገበያ የላክሁት ልጅ በርበሬ ይዞ ቢመጣና ኅሊናዬ በርበሬ ይሻላል አለኝ ቢል ምን እለዋለሁ?»

«ጋሼ፣ ጨዉ አሸዋ የተቀላቀለበት ሆኖ ቢያገኘውስ?»

«ባዶ እጁን ይመለስና ይንገረኛ! እኔ ልወስን። በገንዘቤ በርበሬ ግዛ ያለው ማነው?»

በጣም ሳቅሁ፤ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ንግግራቸው አልለቀቀኝም። መምህሩ ለሕዝቡ ያዳሉ ይመስላል እንጂ ለእንደራሴውም ትልቅ ቦታ ሰጥተውታል። ያየውን አይቶ እንዳላየ ሆኖ አሸዋ የሞላበትን ጨው ተሸክሞ የሚመጣውን ልጅ አላመሰገኑትም። ተመልሶ ይንገረኝ ነው ያሉት። ገበያ የሄደው እርሱ ነው፤ ጨዉን በእጁ ዘግኖ ያየው እርሱ ነው። ያየውን መናገር ዕዳው ነው። የኔብራስካ ሴናተሮች ገበያ ሄደው ነበር ማለት ይቻላል፤ ምስክር ሰምተዋል፣ የተገደሉ ሰዎችን ቤተሰቦች ሰምተዋል፣ በስሕተት የተፈረደባቸውን ሰምተዋል፣ ለሰዓታት በአደባባይ ተከራክረዋል። ተመልሰው ለሕዝቡ ነገሩት፤ ሕዝቡ ግን «ይሁን፣ ጨዉን አምጡልኝ» አለ። ይህን ማለት መብቱ ነው። መብት መሆኑ ግን ልክ አያደርገውም፤ ሠላሳዎቹም በመረታታቸው ብቻ አልተሳሳቱም።

«ኅሊናዬ» የሚል ቃል በምክር ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ኅሊና ተብሎ የሚጠራ ጥቅም አለ። ኅሊና ተብሎ የሚጠራ ወገንተኝነት አለ። ልዩነታቸውን እንዴት እንለያለን ቢባል፣ ዘዴው የልብን መርምሮ ማወቅ አይደለም፤ ያንን አንችልም። ሰውየው ምክንያቱን በአደባባይ፣ ሊረታ በሚችልበት ቦታ፣ ስሙን አስፍሮ ተናግሯል ወይ? ሲናገርስ የሚያጣው ነገር ነበረው ወይ? ቻምበርስ ሰፈሩ ስላቀፈው ብዙም አላጣም ይባል ይሆናል። ከእርሱ ጋር ድምፅ ሰጥተው ወደ ወግ አጥባቂው ገጠር የተመለሱት ግን ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። በእኔ ግምት ከቻምበርስ ይልቅ ደፋሮቹ እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከመምህሩ ጋር ያለያየኛል። በእርሳቸው ምሳሌ ውስጥ ጨዉን የሚበላው የላከው ሰው ራሱ ነው። በኔብራስካው ነገር ግን ጨዉን የሚበላው ሌላ ነው። ድምፅ የሰጠው 61 በመቶ ሕዝብ አይገደልም፤ የሚገደለው በዚያ ቀን ድምፅ መስጠት የማይችል እስረኛ ነው። እንግዲያው መራጩም ለብቻው ወደ ድምፅ መስጫው ሣጥን ሲጠጋ እንደራሴ ሆኗል ማለት ነው፤ ለማይመርጠው ሰው። ልዩነቱ ሴናተሩ ለሰዓታት ቆሞ ምክንያቱን ሲጠየቅ መራጩን ማንም ምክንያት አለመጠየቁ ነው። ስለ ምስጢራዊ ድምፅ ክፉ መናገሬ አይደለም፤ ያለ እርሱ ነጻ ምርጫ የለም። ነገር ግን ስለ እንደራሴ ኅሊና ይህን ያህል ስንጽፍ ስለ መራጭ ኅሊና የምንጽፈው እምብዛም ነው፤ ሕዝብ ሲባል ኅሊና የሌለው፣ ፍላጎት ብቻ ያለው ፍጥረት እናስመስለዋለን።

የሁለቱን የታክሲ ሹፌሮች ነገርስ? የቻምበርስ ተቃዋሚዎች ደጋግመው ያነሡት ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ነው። ለገዳዩ እንደራሴ ተገኘለት፤ ለሟቾቹስ ማን ይቁም? ይህን ጥያቄ እንደ ማስፈራሪያ ብቻ አድርጎ ማጣጣል ደግ አይደለም። ቤተሰብ ለ38 ዓመት ፍርድ ሲጠብቅ መኖሩ ራሱ ግፍ ነው። ቻምበርስ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከሥራው እንደምረዳው የሚከተለው ነው፤ ሟች ወዳጅ አያጣም፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፖሊሱ፣ ገዥው ሁሉም ለእርሱ ይቆማሉ፤ ማንም የማይቆምለት በሰው ሁሉ የተጠላው ነው፤ እንደራሴ የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው። ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ግዛት ለሟች ሲቆም ብዙ ጊዜ ለራሱ ክብር ነው እንጂ ለሟቹ አይደለም፤ የሹፌሮቹን ስም ከገዳያቸው ስም ጋር እኩል የሚያስታውስ የኔብራስካ ሰው ስንት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በ2019 መጀመሪያ ቻምበርስ የ81 ዓመት ሰው ሆኖ፣ ሕዝቡ ውሳኔውን ከሰጠ፣ ሰውየውም ከተገደለ በኋላ፣ ያንኑ የሞት ቅጣት ይቅር የሚል ረቂቅ እንደገና አቀረበ። በደንቡ መሠረት ረቂቁ እንደማንኛውም ረቂቅ ሕዝብ ባለበት ተሰማ፤ የሚደግፍም የሚቃወምም መጥቶ ተናገረ። ከዚያም በምክር ቤቱ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2021፣ ያው የጊዜ ገደብ ለሁለተኛ ጊዜ ደርሶበት ወንበሩን ለሌላ የሰሜን ኦማሃ ሰው ለቀቀ።